የጌም ኮምፒውተርን በአነስተኛ ሣጥን ስለ ማሳደር፦ ከሀና ማርያም የተደረገ ዳሰሳ

በገዛ እጁ ልዩ ልዩ ክፍሎችን አሰባስቦ፣ በብሎን አስሮና በሽቦ አገናኝቶ የጌም ኮምፒውተር የሠራ ሰው፣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ፣ ዕቃው እስከዚያ ድረስ የኖረበትን ትልቅ ሣጥን ትቶ ያንኑ ኀይል፣ ከተቻለም ከዚያ የበለጠውን፣ በአነስተኛ ሣጥን ውስጥ ማሳደር ነው። ይህ አሳብ ላይ ላዩን ሲመለከቱት የጌጥና የቅንጦት ጉዳይ ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን የቤት ጥበት፣ የነፋስና የሙቀት ሕገ ተፈጥሮ፣ የኤሌክትሪክ ጠባይ፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋና የእጅ ጥበብ ሁሉ በአንድነት የሚገናኙበት ሰፊ ጥያቄ ነው። በዚህም ላይ በውጭ አገር ለውጭ አገር ሁኔታ የተጻፈው ምክር ብዙ ቢሆንም፣ ከፍታችንን፣ አቧራችንንና መብራታችንን አስቦ የተጻፈ ስላይደለ፣ ጥያቄውን ከዚህ ከደቡባዊው የአዲስ አበባ ክፍል፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሀና ማርያም ሆኖ እንደ ገና መመርመር ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል።

አስቀድሞ ትልቁ ሣጥን፣ በሠፈራችን ልጆች አነጋገር ኬዙ፣ ስለ ምን ትልቅ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የነበረ ኮምፒውተር አንድ ወይም ሁለት የሲዲና የዲቪዲ ማንበቢያ፣ ሁለትና ሦስት ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ፣ የድምፅ ካርድ፣ የኔትወርክ ካርድ፣ አንዳንድ ጊዜም የሞደም ካርድ ይይዝ ስለ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ማደሪያ ማዘጋጀት ግድ ነበረ። ዛሬ ድምፁም ኔትወርኩም ከማዘርቦርዱ ጋር ተሠርተው ይመጣሉ፤ የዲቪዲ ነገር ከሞላ ጎደል ቀርቷል፤ ሃርድ ዲስኩንም ኤም ዶት ቱ የምትባለው፣ 22 በ80 ሚሊ ሜትር የሆነች ኤስኤስዲ ተክታዋለች፤ እርሷም ሽቦ ሳያስፈልጋት በማዘርቦርዱ ላይ ትተኛለች። በዚህ ምክንያት ከ40 እስከ 50 ሊትር የሚይዘው የተለመደው ኬዝ አብዛኛው ክፍሉ ባዶ ሆኖ ቀርቷል።

ሰፊ ቤት ላለው ሰው ይህ ባዶነት ምንም አይደለም። በሀና ማርያም ግን ብዙው ወጣት የሚኖረው በግቢ ጓሮ ለኪራይ በተሠራ ሰርቪስ ቤት፣ ወይም ከወላጆቹ ጋር በተከፈለ አንድ ክፍል፣ ወይም ወጣ ብሎ በጀሞና በላፍቶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የኮንዶሚኒየሙም ስቱዲዮ ሲነደፍ 20 ካሬ ሜትር ገደማ ሆኖ የተነደፈ ነውና፣ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የማብሰያው ሥፍራና ጠረጴዛው ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለኮምፒውተሩ የሚቀረው ከጠረጴዛው ሥር ያለች ጠባብ ጥግ ናት፤ እርሷም አቧራና የመጥረጊያ ውሃ የሚደርስባት ናት። ከዚህ በቀር ተከራይ ቤት ይለውጣል፤ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ በኮረኮንች መንገድ ሲጓዝ የተሰበረ መስተዋትና ከነማስገቢያው የተገነጠለ ግራፊክስ ካርድ የቱን ያህል እንደሚያሳዝን የደረሰበት ያውቀዋል። በየሠፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በጨዋታ ልክ እየከፈለ ኳስ ሲጫወት ያደገው ትውልድ ዛሬ የራሱን ዕቃ በቤቱ ሲያቆም፣ ቅዳሜና እሑድ ይህንኑ ዕቃ በሚኒባስ ታክሲ በጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ጓደኛው ቤት መሄድም ይፈልጋል። እንግዲህ የማነስ ፍላጎቱ ከኑሮ የመነጨ እንጂ ከሌላው ዓለም የተቀዳ ፋሽን ብቻ አይደለም።

ጥንተ ነገሩን በአጭሩ ለመናገር፣ ኮምፒውተርን በቤት ገጣጥሞ የመሥራት ልማድ ሥር የሰደደው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውን ፒሲ ለሌሎች ሠሪዎች ካርዶችና ክፍሎች ክፍት ካደረገው በኋላ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን መለኪያ ሲደነግግ የማዘርቦርዱ ስፋት 305 በ244 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ በ1997 ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ሆኖ ተከተለው፤ በ2001 ደግሞ የታይዋኑ ቪያ 170 በ170 የሆነውን ሚኒ አይቲኤክስ አወጣ። ይህ የመጨረሻው በመጀመሪያ ኀይል ለሚቆጥቡ ጸጥተኛ መሣሪያዎች የታሰበ ሲሆን፣ የጌም ሰዎች ወደ ራሳቸው ሥራ ያመጡት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሕዝብ መዋጮ የተሠራው ኤንኬዝ ኤም1፣ ቀጥሎም 7.2 ሊትር ብቻ የሆነው ዳን ኤ4፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ያልደፈሩትን ጥቂት ወዳጆች እንደሚችሉት አስመሰከሩ፤ በ2020 ኩለር ማስተር 18 ሊትር የሆነውን ኤንአር200 በመጠነኛ ዋጋ ሲያወጣ ነገሩ ለብዙኃኑ ተዳረሰ።

እነዚህ ሣጥኖች የተፈተኑት ግን በአብዛኛው ለባሕር ጠለል በቀረቡ አገሮች ነው። ከዚህ ላይ የዳሰሳችን ዐቢይ ክፍል ይጀምራል።

ሀና ማርያም ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ፋን አየርን የሚገፋው በስፍር እንጂ በሚዛን አይደለም፤ በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር ፋን በጅቡቲም በአዲስ አበባም የሚያሳልፈው የአየር ስፍር ተቀራራቢ ነው፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት እንጂ ስፍሩ ስላይደለ፣ የእኛ አየር በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። በአኃዝ ለማስረዳት፣ በባሕር ጠረፍ በኬዙ ውስጥ የሚያልፈው አየር ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ሞቆ የሚወጣ ከሆነ፣ ያው ኮምፒውተር በያው ሥራ ላይ ሀና ማርያም ቢቀመጥ አየሩ በ13 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ይወጣል። የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ማቀዝቀዣ ክንፎችም በሳሳ አየር ሙቀታቸውን የሚሰጡት በዝግታ ነው።

በአንጻሩ ፈጣሪ ለዚህ አገር የሰጠው የአየር ጠባይ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል። የበጋው ፀሐይ በሚበረታበት በየካቲትና በመጋቢት እንኳ የአዲስ አበባ የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በዱባይ የክፍል ማቀዝቀዣ ሳይኖር ሊሠራበት የማይታሰብ ሣጥን እዚህ በደኅና ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች አጋጭቶ «ተካክሰዋል» ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የክፍሉ ቅዝቃዜ የሚረዳው ቀዝቃዛው አየር ወደ ዕቃው በሚገባ ሲገባና የሞቀው ሲወጣ ብቻ ነው። በአንዳንዱ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ግራፊክስ ካርዱ ያስወጣው ትኩስ አየር መውጫ አጥቶ፣ በጠባብ ማጀት እንደሚዞር ጭስ፣ ተመልሶ በፕሮሰሰሩ ፋን ይሳባል። ያን ጊዜ ፋኖቹ ዙራቸውን ይጨምራሉ፤ 92 ሚሊ ሜትር የሆነች ፋን ባለ 140ዋ የምታሳልፈውን ያህል አየር ለማሳለፍ እጅግ ፈጥና መዞር ይኖርባታልና፣ ጩኸቷ በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚተኛ ቤተሰብ ዕረፍት ይነሣል። ፋኖቹ ሲያቅታቸው ደግሞ ፕሮሰሰሩና ካርዱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ባለቤቱም በብዙ ብር የገዛውን ዐቅም ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ከዚህም ጋር የማቀዝቀዣው ቁመት ነገር አለ። ከአንዳንድ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ጋር በነጻ የሚመጣው ሬይዝ ስቴልዝ የተባለው ማቀዝቀዣ 54 ሚሊ ሜትር ይቆማል፤ ዳን ኤ4 ግን ከ48 ሚሊ ሜትር በላይ አይቀበልም። ስለዚህ ያንን ሣጥን የመረጠ ሰው 37 ሚሊ ሜትር የሆነውን የኖክቷን ዓይነት ዝቅተኛ ማቀዝቀዣ ከውጭ ማስመጣት አለበት፤ ይህም ዝቅተኛ በመሆኑ ምክንያት ሙቀት የመሸከም ዐቅሙ ውሱን ነው። በሳሳ አየር የሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መሠዋት የማይገባው ነገር ቢኖር የማቀዝቀዣውን ቁመት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አቧራውን በሩቅ ሆኖ መናገር አይቻልም፤ ኬዙን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በሠፈራችን ግንባታው አያቋርጥም፤ ሲሚንቶው፣ አሸዋውና የውስጥ ለውስጥ መንገዱ አፈር በነፋስ ይነሣሉ። በዚህ ወራት ሳይጠረግ የከረመ ኮምፒውተር የጎን ክዳኑ ሲነሣ፣ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የተጋገረው ግራጫ አቧራ ከልብስ ብናኝና ከፀጉር ጋር ተጣብቆ ቀጭን ብርድ ልብስ መስሎ ይላጣል፤ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ግን እንደ ተገዛበት ቀን ያበራል። በትልቅ ኬዝ ይህ አቧራ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይኖራል፤ የአየር መተላለፊያው ጠባብ በሆነበት በትንሹ ኬዝ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሙቀቱን ቁጥር ያንረዋል። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። አየር የሚያስገቡት ፋኖች አየር ከሚያስወጡት እንዲበልጡ ማድረግ፣ በሚያስገቡትም ፊት ጥሩ መረብ መጋረድ ነው፤ ያን ጊዜ አየሩ በየቀዳዳው ይወጣል እንጂ በየቀዳዳው አይገባም። ለመረቡ ከውጭ የሚመጣ ማጣሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በመርካቶ ለወንፊት ሥራ የሚሸጠው ቀጭኑ የሽቦ መረብ፣ ጠርዙ በማጣበቂያ ፕላስተር ተይዞ፣ ይህን ተግባር በሚገባ ይፈጽማል፤ በየሁለት ሳምንቱ አውልቆ በውሃ ማጠብም ይቻላል።

ከነፋስ ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ በእኔ አስተያየት በአነስተኛ ሣጥን ጉዳይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ መቆሙ ለአገር ታላቅ ክብር ነው፤ ሆኖም ኀይልን ማመንጨትና ያንን ኀይል በሠፈር ትራንስፎርመርና መስመር አልፎ በእኩልነት ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በቤታችን 220 ቮልት ነው የተባለው አንዳንድ ቀን ምሽት ዝቅ ይላል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ከመጠኑ በላይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለ መቀያየሪያ ራሱ አስተካክሎ የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ይህንን መዋዠቅ ይችላል፤ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያለው ርካሹ ግን አይችልም፤ በእርሱ ላይ የብዙ ወራት ቁጠባ የወጣበትን ግራፊክስ ካርድ መስቀል አይገባም።

በትንሽ ሣጥን የሚገባው ኤስኤፍኤክስ የተባለው ፓወር ሰፕላይ 125 በ63.5 በ100 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የተለመደው ኤቲኤክስ 150 በ86 በ140 ነው፤ ስለዚህ የትንሹ ይዘት ከትልቁ ከግማሽ በታች ነው። በዚህች ጠባብ ሥፍራ ያው ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ጥሩ ምሕንድስና ይጠይቃልና፣ ጥሩው ኤስኤፍኤክስ ውድ ነው፤ ርካሹም ሊታመን አይገባውም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ መብራት ከተቋረጠ በኋላ በውስጡ ባከማቸው ኀይል 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኀይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ወደ ባትሪው ለመዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠ ይወስድበታልና፣ በዚህች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ያልፋል። ዩፒኤስ ገዝቶ እያለ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት ሰው ጥፋቱን ከባትሪው ብቻ መፈለግ የለበትም፤ ፓወር ሰፕላዩንም ይመርምር።

ስለ ፓወር ሰፕላይ ከተነሣ ዘንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ምልክት አለ። በአንዳንድ የቻይና ሥሪት ዕቃዎች መለያ ላይ የተራራ ሥዕል ተሥሎ በውስጡ 2000 ሜትር የሚል ይጻፋል፤ ትርጓሜውም ዕቃው ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ደኅንነቱ አልተረጋገጠም ማለት ነው። ምክንያቱ ተራ አይደለም። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል ዐቅሙ ያነሰ ስለሆነ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍሎች መካከል የሚተወው ርቀት መስፋት አለበት፤ ለ5,000 ሜትር የሚሠራ ዕቃ ርቀቱ 1.48 ጊዜ እንዲበዛ መለኪያው ያዝዛል። መላዋ አዲስ አበባ ከሞላ ጎደል ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና፣ ፓወር ሰፕላይ የሚገዛ ሰው 5000 ሜትር የሚለውን ምልክት ቢፈልግ መልካም ነው።

የምድር ሽቦም፣ ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት፣ ከዚሁ ጋር የሚታሰብ ነው። በአንዳንድ ኪራይ ቤቶች ሶኬቱ ባለ ሦስት መስሎ ሲታይ ሦስተኛው ሽቦ ከምድር ጋር አልተገናኘም፤ ያን ጊዜ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች በብረቱ ኬዝ ላይ የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ያሳድራሉ፤ ባዶ እግሩን በሲሚንቶ ወለል ላይ ሆኖ ኬዙን የነካ ሰው ጣቱን ነዘር ሲያደርገው የሚሰማው ይህ ነው። ኬዙ ከጠረጴዛ ሥር ወጥቶ በእጅ አጠገብ ሲቀመጥ መነካቱ ይበዛልና፣ ሣጥኑ ከመለወጡ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ የምድሩን መስመር ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ዋጋው እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ ከ100 ብር አለፈ። በመገናኛ፣ በቦሌና በመርካቶ ያሉ የኮምፒውተር መደብሮች የሚሸጡት ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነውና፣ የማሳነሱ ጥያቄ ዛሬ «የትኛው ኬዝ ያምራል» ከማለት ይልቅ «ከአሮጌው ዕቃ የትኛው ወደ አዲሱ ይሻገራል» የሚል መሆን አለበት። በአውሮፕላን የሚላክ ጭነት የሚከፈልበት በክብደቱ ብቻ አለመሆኑም ይታሰብ፤ 6,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንደ አንድ ኪሎ ይቆጠራልና፣ ባዶውን ትልቅ ኬዝ ማስጫን አየርን በዶላር እንደ መጫን ነው፤ ትንሹ ኬዝ ግን ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ልብስ ታጭቆበት ይመጣል።

ምሳሌ እንዲሆነን ራይዘን 5 3600 የተባለውን ፕሮሰሰርና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የተባለውን ካርድ በማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ ላይ የገጠመ ሰው እናስብ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ናቸው። ይህ ሰው ባለ 10 ሊትር የሆነውን ኬዝ ቢመርጥ አዲስ ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ፣ አዲስ ኤስኤፍኤክስ ፓወር ሰፕላይ፣ አዲስ ዝቅተኛ ማቀዝቀዣና ብዙ ጊዜም ካርዱን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኝ ራይዘር ኬብል መግዛት አለበት፤ ራይዘሩ አሮጌ ትውልድ ከሆነና ባዮስ በተባለው የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም ውስጥ ፍጥነቱ ዝቅ ካልተደረገ ደግሞ ሥዕሉ ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ተደርጎ የጨዋታው ፍጥነት በሰከንድ በአንዲት ሥዕል እንኳ አልጨመረም። ያው ሰው ከ25 እስከ 28 ሊትር የሆነ የማይክሮ ኤቲኤክስ ኬዝ ቢመርጥ ግን ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ረዥሙ ማቀዝቀዣም ሳይቀር ይሻገሩለታል፤ የተረፈውንም ገንዘብ በዚያው ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 5600 ወይም ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ ለመትከልና ካርዱን በአርቲኤክስ 4060 ለመተካት ሊያውለው ይችላል። ይህ ካርድ 115 ዋት ብቻ ሲወስድ አሮጌው 125 ዋት ይወስድ ነበርና፣ ዐቅሙ ጨምሮ ሙቀቱ አንሷል፤ 65 ዋት ተብሎ የተሰየመው ራይዘን 5 5600ም ቢበዛ 88 ዋት ስለሚስብ፣ ደኅና ባለ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ሁሉን አስችሎ ይኖራል። አዲሱ ፕሮሰሰር ከመተከሉ በፊት ባዮሱ በአሮጌው ፕሮሰሰር መታደስ አለበት፤ በማደሱ መካከል መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ይህ ሥራ በዩፒኤስ ብቻ ይሠራ።

ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ ባጭሩ እንያቸው። ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው በአገራችን የሚሸጡት ትንንሾቹ ዴል ኦፕቲፕሌክስና መሰሎቻቸው ዋጋቸው የሚቀመስ ነው፤ ነገር ግን የሚቀበሉት ከማስገቢያው ብቻ 75 ዋት የሚበቃውን አጭር ካርድ፣ ለምሳሌ አጭሩን ጂቲኤክስ 1650 ነው፤ ማዘርቦርዳቸውና ፓወር ሰፕላያቸውም ከመለኪያው ውጭ ስለሆኑ ነገ ወደ ሌላ ሣጥን አይሻገሩም። ለተማሪ ይበቃሉ፤ ለሚያድግ ሰው አይሆኑም። የጌም ላፕቶፕም ቦታ ይቆጥባል፤ ካርዱ ሲያረጅ ግን መለወጥ አይቻልም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው በዚሁ በአካባቢያችን የተሠራ ሣጥን ነው። አንድ የሠፈራችን ወጣት በሃይሌ ጋርመንትና በሀና ማርያም መካከል በርና መስኮት ወደሚሠራ ብረታ ብረት ቤት በካርቶን ላይ የሣለውን ንድፍ ይዞ ሄደ። ከኋላ በኩል ማዘርቦርዱ የኬብል መሰኪያዎቹን የሚያወጣበት ቀዳዳ 158.75 በ44.45 ሚሊ ሜትር፣ የካርዶቹም ማስገቢያ እርስ በርሳቸው 20.32 ሚሊ ሜትር ተራርቀው እንዲሆኑ መለኪያው ስለሚያዝዝ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ አንድ ሚሊ እንኳ ከሳተ ካርዱ አይገባም» ቢለው፣ ባለሙያው ሥዕሉን ወደ ጎን አድርጎ «እንግዲያው ዕቃውን ራሱን አምጣልኝ፤ በዕቃው ላይ እለካለሁ» አለው። ወጣቱ ከአንድ ጥገና ቤት የተቃጠለ ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ ለምኖ አመጣ፤ ባለሙያውም ቦርዱን በላሜራው ላይ አስተኝቶ በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ በምስማር ጫፍ ነጥብ ነጥብ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ በድሪል ሲበሳ አንዲቱም አልሳተች። ሣጥኑ ቁመቱ 34፣ ርዝመቱ 38፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 26 ሊትር ገደማ ይይዛል። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው፤ ከብዙ ርካሽ የውጭ ኬዞች ይጠነክራል። ጠርዙ ሁሉ በሞረድ ተለስልሷል፤ ከመቀባቱም በፊት የብረት ብናኙ በማግኔትና በብሩሽ ተጠርጓል፤ አንዲት ብናኝ በማዘርቦርዱ ሥር ብትቀር ሁሉን ልታቃጥል ትችላለችና። ማዘርቦርዱ በሚያርፍባቸው እግሮች ላይ ግን ቀለም አልተቀባም፤ ብረቱ ከምድር ሽቦ ጋር እንዲገናኝ ታስቦ ነው። የፊቱ ገጽ ለሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ክፍት ሆኖ የወንፊት መረብ ተጋርዶበታል። ይህ ተግባረ ዕድ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የአገሬ ሰው ምን እንደሚችል ነግሮኛል።

አሮጌው ኬዝም ወዴት እንደሚሄድ ይታሰብበት። ባዶው ብረት ለቁራሌው ቢሰጥ በምን አለሽ ተራ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወለዳል፤ በዚያ የሚጠፋ ብረት የለም። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ግን ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል የለባቸውም፤ እርሳስና ሌላም ጎጂ ነገር አለባቸውና። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 ያወጣው ስለዚህ ነው።

ፍርዴን በግልጽ ልናገር። ለሀና ማርያም ነዋሪ፣ በዛሬው ምንዛሪ፣ በዚህ ከፍታና በዚህ አቧራ፣ ባለ 10 ሊትሩ ሣጥን ለጥቂቶች የሚሆን የጥበብ ሥራ እንጂ ለብዙኃኑ የሚመከር አይደለም፤ የሚመከረው ማይክሮ ኤቲኤክሱን ከነፓወር ሰፕላዩ የሚቀበለው ባለ 26 ሊትሩ ነው፤ እርሱም በአገር ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መምህራን በብረታ ብረት ሥራ ከሚያስተምሩት በርና መስኮት ጋር ይህን ሣጥን እንደ አንድ የልምምድ ሥራ እንዲጨምሩት፣ ትክክለኛውንም የመብሻ ናሙና በላሜራ ቆርጠው በአካባቢው ላሉ ብረታ ብረት ቤቶች እንዲያድሉ በትሕትና እለምናለሁ።